ያልተለወጠው የዘይት ቱቦ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው በጋራዡ ውስጥ ከሦስት አይበልጥም። ሁላችንም «ጸጥበሉ» ነው የምንለው። ኮፈን ተከፍቶ ሞተር ሲነሳ እጁን ከፍ አድርጎ «እስቲ ጸጥ በሉ» ይላል። ያኔ መዶሻ ይቆማል፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ጎማ ጠጋኙ እንኳ የአየር መንፊያውን ያጠፋል። እሱ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያዳምጣል። አንድ ቀን ባለጋራዡ ከሚስቱ ጋር በስልክ እየተነጋገረ ሳለ ጸጥ በሉ ሲባል ደንግጦ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ምን እንደጠበቀው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። መካኒክና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደ ምራትና አማት ናቸው፤ መኪና እምቢ ባለ ቁጥር አንዱ በሌላው ያላክካል። እሱ «ሽቦ ነው» ይላል፣ እኔ «ሞተር ነው» እላለሁ። ከጸጥበሉ ጋር ግን አስራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ፣ ሽቦ ነው ካለ ሽቦ ሆኖ ነው የማገኘው። ይህ ነገር ሰው ፊት ሲሆን ያናድዳል።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ አለው፤ አንዱን ተውሶ ከቦታው ውጭ የመለሰ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይዋስም። ያገባት ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጋራዡ ሁለት መንገድ አልፎ ትንሽ ሱቅ አላት። አባቷ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ለቤቱ ያለችው ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ጸጥበሉ ሲያገባ አማች ብቻ ሳይሆን ወንድ ልጅም፣ ዘበኛም፣ ኋላ ደግሞ መካኒክም ሆነ።

መምህሩ ጡረታ ሲወጡ አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና ገዙ፤ ቱርቦ ያላት። ሳይገዙ በፊት አማቻቸውን አማክረው ነበር። እሱም ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ክፉ አይደለም፣ ነገር ግን ይቅርታ አያውቅም አላቸው። ሞተሩ ትንሽ ነው፤ ቱርቦው አየር እየገፋ ከጉልበቱ በላይ ያሠራዋል። ቱርቦው ራሱ በእሳት ጎን ተቀምጦ ሲሽከረከር የሚውል ነው፤ የሚያድነው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ከጊዜው ካለፈ፣ ዓይነቱ ከተቀየረ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ከተጋለበ ወይም ሲግል ቆይቶ ድንገት ከጠፋ ነገር ይበላሻል። መምህሩ ይህን ሁሉ በደብተር ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋን ካቆሙ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አያጠፉም፤ ለብቻው እንዲተነፍስ ትተው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መቶ ሃያ ይቆጥራሉ። ጎረቤቶቻቸው ጸሎት እያደረሱ ነው ብለው ሰላምታ ሳይሰጡ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ያልፉ ነበር።

ከዚያ የመምህሩ ሚስት ታመሙ፤ ኩላሊታቸው ከዳቸው። ሐኪሞቹ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና አርብ፣ ደማቸው በመሣሪያ መታጠብ አለበት አሉ። ሆስፒታሉ ከከተማው ማዶ፣ ከረጅሙ ዳገት በላይ ነው። በዚያው ሰሞን፣ ሕክምናው ማክሰኞ ሊጀመር ቅዳሜ ዕለት፣ ቱርቦው ሞተ። ሰማያዊ ጭስ ነበር፣ ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ ምንም። መኪናዋን ከመግዛታቸው በፊት የነዳት ሰው ዘይት የሚባል ነገር መኖሩን የረሳ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ጸጥበሉ ያን ቅዳሜና እሑድ አልተቀመጠም። አዲስ ቱርቦ አገኘ። ያላገኘው የዘይቱን ቱቦ ነው። ይህች ቱቦ ከእርሳስ አትወፍርም፤ ከሞተሩ ወደ ቱርቦው ዘይት የምትወስድ ነች። በውስጧ ዘይቱ እየተቃጠለ ጥቁር ቅርፊት ሠርቶ ቀዳዳዋን አጥብቦት ነበር። የእኛ ሙያ ሕግ አንድ ነው፤ ቱርቦ ከተለወጠ ቱቦውም ይለወጣል፤ አለዚያ ቅርፊቱ አንድ ቀን ይዘጋና አዲሱንም ቱርቦ ይዞት ይሄዳል። መለዋወጫ ሻጮቹ ቱቦው ከሁለት ወር በፊት አይመጣም አሉት። እሱ ቀጭን ሽቦ ወሰደ፣ አሮጌዋን ቱቦ በቤንዚን አጠባት፣ በሽቦ ጠረጋት፣ በአየር ነፋት። መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና ለጊዜው ነው አለ። እኔም ለጊዜው ነው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ መጡ። የሒሳብ መምህር ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የሚፈልገው። «ሁሉም ተለውጧል?» አሉ። ሚስታቸው በማግስቱ ሊሄዱ ነው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጸጥበሉ «ሁሉም ተለውጧል» አላቸው። እኔ አጠገባቸው ሽቦ እየጠቀለልኩ ነበር፤ መጠቅለሌን ቀጠልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺ ቃል ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

በሁለት ወሩ ቱቦው መጣ። እንግዲህ «ለምን ወዲያው አልለወጠውም?» የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ይህንኑ ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። መጀመሪያ ነገር፣ ቱቦው ሞተሩን የሚነካበት ጫፍ ላይ ያለው ቡሎን በሙቀት ተጣብቋል፤ ሲፈታ ከተሰበረ ሞተር ማውረድ ሊመጣ ነው፤ ሞተር ከወረደ ደግሞ ማክሰኞና አርብ ያልፋሉ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። ሁለተኛ፣ መምህሩ ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው መጥተው አጠገቡ ይቀመጡና «ይህ ምንድን ነው? ያኛውስ?» ይላሉ። ተማሪ ያጣ መምህር ከባድ ነው። እሳቸው ፊት «ተለውጧል» የተባለ ቱቦ አውጥቶ እንዴት ይለውጣል? ሦስተኛው ምክንያት ጊዜው ነው። ያልተናገሩት ነገር በሁለት ወሩ ትንሽ ውሸት ነው፤ በስድስት ወሩ ሌላ ነገር ይሆናል። አዲሱ ቱቦ በላስቲክ እንደታሸገ በመፍቻ ሳጥኑ ሥር ተቀመጠ። ሳጥኑን ሲከፍት ሁልጊዜ ዓይኑ ወደዚያ ይሄድ እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው እግር ከወርች ታሰረ ማለት ይቻላል። ማክሰኞና አርብ ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ መምህሩ ግቢ ይደርሳል። ሞተሩን ያስነሳል፣ ያዳምጣል፣ የዘይት መለኪያውን መዝዞ በጣቱ መሐል ያሻዋል፣ ያሸተዋል። ዘይቱን ከጊዜው ግማሽ ሳይደርስ ይለውጣል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ያያል፣ ካንዴላዎቹን ያያል፤ ሁሉን ያያል፤ የቱቦዋን መከለያ ቆርቆሮ ግን አይነካም። የታመሙት አማቱ ከኋላ ወንበር ሲገቡ ደግፎ ያስገባቸዋል፣ መኪናዋ ከግቢ እስክትወጣ ቆሞ ያያል። ከዚያ ጋራዥ ይመጣል፤ ስልኩንም ደረቱ ኪስ ውስጥ ያደርጋል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ የእሱ ነገር አይያዝም። አንዴ ፊት ለፊቱ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠርቼው አልሰማኝም፤ ያ ሁሉ ጆሮ እያለው።

ሠፈሩ ግን አደነቀው። እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል እየተባለ ተወራ። ሚስቱ ጨርቅ እየለካች ለደንበኞቿ ሁሉ ትናገራለች፤ እናቴ የምትኖረው በሁለት ነገር ነው፣ በሆስፒታሉ መሣሪያና በባሌ ጆሮ ትላለች። እሱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ትሕትና ነው አሉት። እኔ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ ዛሬ ግን ያኔ ዝም በማለቴ አፍራለሁ።

ጸጥበሉ በሕይወቱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ ከተማ ውስጥ የባቡር መጠገኛ አለ። አንድ ጊዜ ለጉዳይ ሄዶ በመስኮት አይቶታል። ስለ ትልልቆቹ ሞተሮች ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ የነገረኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ አንድ ሞተር ሰባት ሰው ያየዋል አለኝ። አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ይለካል፣ ሦስተኛው ያየዋል፣ ይፈርማሉ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እጃቸውን ታጥበው ይሄዳሉ፤ ማንም ሞተሩን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ቤቱ አይገባም። ይህን ሲያወራ ድምፁ ተለወጠ። ሰው በስተርጅና እንቅልፍ ሲመኝ ነው የመሰለኝ፤ ገና የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር።

አምና ለዚያው መጠገኛ ተፈትኖ አለፈ፤ ደብዳቤ መጣለት። አልሄድም ብሎ መለሰ። ሚስቱ ለምን ስትለው የቤት ኪራይ፣ የአየር ጠባይ፣ ምናምን አላት። ዘንድሮ በጋ ላይ እንደገና ጠሩት። በደብዳቤው ላይ አርባ ዓመት የሞላው እንደማይቀጠር ተጽፏል፤ እሱ አርባ ሊሞላው አራት ወር ቀርቶታል። በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ ቢበዛ እስከ መጨረሻው ቀን ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት፣ በአካል ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ያ ካለፈ ሌላ የለም።

ሚስቱ ደብዳቤውን አነበበች። ለሱቁ ተከራይ እስከማፈላለግ ደርሳ ነበር፤ መሄዱን አልጠላችውም፤ ልብስ የትም ይሰፋል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። እሱ ራሱ በማግስቱ ነገረኝ፣ ቃል በቃል።

«መኪናዋ ደህና ናት በለኝና እንሄዳለን። አንተ ደህና ናት ካልክ እኔ ሌላ አልጠይቅም።»

እሱም ቆይ በደንብ ልያት አላት። ያን ብሎ ሃያ ሁለት ቀን ቆየ። እንግዲህ አስቡት፤ ከዚያ ቤት የሚወጣበት በር አንድ ቃል ነው፤ ያን ቃል ደግሞ ሊላት አይችልም። ደህና ናት ብሎ ቢሄድ፣ ቱቦዋ አንድ አርብ ጠዋት ዳገቱ ላይ ብትዘጋ፣ አማቱን ማን ይመልሳቸዋል? ደህና አይደለችም ቢል ለምን ትላለች፤ ለምን ካለች የሦስት ዓመት ተኩል ውሸት ይወጣል። ክብደቱ ሲቀንስ በዓይኔ አየሁት። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳ።

ያ ቅዳሜ አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ትዕግሥቴ አለቀ። ምሳ ሰዓት ላይ ከጎማዎቹ ጀርባ ወስጄ ተቆጣሁት። መናገር ነው ያለብህ፣ አልኩት፤ ይቆጡሃል፣ ይሰድቡሃል፣ ከዚያ ቱቦው ይለወጣል፣ አንተም ትሄዳለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬም ተረትኩበት። እሱ ተረት ሲሰማ ጥርሱን ይነክሳል። ቢሆንም ረቡዕ መምህሩ ዘይት ለማስለወጥ እንደሚመጡ፣ ያኔ እንደሚነግራቸው ማለልኝ። አብሬው እንድቆምም ጠየቀኝ። ያን ጊዜ መብራት ይዘህልኛል፣ አሁንም ያዝ አለኝ።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ መምህሩ ደረሱ። መኪናዋን አቁመው እስከ መቶ ሃያ ቆጠሩ፣ አጠፉ፣ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ጸጥበሉ ኮፈኑን ከፈተ። ከሳጥኑ ሥር በላስቲክ የታሸገውን ቱቦ አውጥቶ በእጁ ያዘ። 

«መምህር፣ ያን ጊዜ ሁሉም ተለውጧል ያልኩዎት ውሸት ነው» አላቸው። «የዘይቱ ቱቦ አልተለወጠም። በሽቦ ጠርጌ ነው የመለስኩት። አዲሱ ይኸው፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ዛሬ እለውጠዋለሁ።»

መምህሩ አልተቆጡም። አልደነገጡምም፤ መጀመሪያ ግር ያለኝ ይኸው ነው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ «ክፈተው» አሉ።

ጸጥበሉ ለሦስት ዓመት ተኩል ያልነካውን መከለያ ቆርቆሮ መፍታት ጀመረ። አራት ቡሎን ነው። ዝገዋል ብሎ ዘይት ሊቀባቸው አስቦ ነበር፤ ሁሉም ያለ ችግር ዞሩ። ቆርቆሮውን አነሳ። እኔ መብራቱን አስጠጋሁ። ቱቦዋ ታበራለች። ጥቁር የለ፣ ዝገት የለ፤ በሁለቱም ጫፍ ቡሎኗ ላይ ቢጫ የቀለም ነጥብ አለ። ከወንዙ ማዶ ጋራዥ ያለው፣ ጓንቲ ሳያጠልቅ የማይሠራው መካኒክ፣ ያጠበቀውን ቡሎን ሁሉ በቢጫ ነጥብ ምልክት ያደርጋል። ከተማው ውስጥ ሌላ ማንም ይህን አያደርግም። ጸጥበሉ የያዘውን አዲስ ቱቦ አየ፣ የተገጠመውን አየ። ክው አለ።

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው» አሉ መምህሩ።

ነገሩን እዚያው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ትምህርት እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው ነገሩን። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጸጥበሉ ከመኪና ሥር ሲወጣ ተንሸራቶ ክንዱ ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ነበር። አርብ ቀን ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ መሪው ፊት ያለው ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፣ መኪናዋ ጉልበት አጣች፣ ቆመች። ሚስታቸው ከኋላ ነበሩ። አርባ ደቂቃ ያህል እዚያው ቆሙ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሴትዮዋን ወደ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ ሌላ ሰው መኪናዋን ጎትቶ ከወንዝ ማዶ ወሰዳት። ባለጓንቲው ከፍቶ አየ፣ ቱቦው ተዘግቷል፣ አንድ ቀን ቢውል ኖሮ ቱርቦው ይሄድ ነበር አላቸው። ቱቦም አገኘላቸው። ያ የማይፈታው ቡሎን በግማሽ ቀን ተፈታ። መምህሩ ለልጃቸው አልነገሩም፤ ለጸጥበሉም አልነገሩም፤ ሚስታቸውንና ባለጓንቲውንም ዝም እንዲሉ ለመኑ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። የሱ ደርሶ፣ አልፎ፣ ሴትዮዋም ተርፈው፣ እሱ ብቻ አልሰማም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞና አርብ ጠዋት ጆሮውን አሹሎ ያዳመጠው የሌለ በሽታ ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው።

«ብነግርህ ትሄድ ነበር።»

ጸጥበሉ ዓይኑን ወደ ቢጫው ነጥብ መለሰ። ጥያቄውን ሊጠይቅ እንደማይፈልግ ያስታውቃል፤ ግን ጠየቀ።

«አምና ደብዳቤው ሲመጣ ቱቦው አዲስ ነበር?»

«ነበር» አሉ መምህሩ።

እኔ እዚህ ላይ መብራቱን አጠፋሁ። መምህሩን ልሰድባቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለሽማግሌ የማይባል ነገር ነው። እሳቸው ግን ቀድመውኝ ራሳቸው ተናገሩ።

«እኔ የምፈራው መኪናዋን አይደለም» አሉ። «ያን ቀን ዳገቱ ላይ ከኋላ ዝም አለች። ስጠራት አልመለሰችም። ዞሬ ለማየት አቃተኝ፤ አንገቴ አልዞር አለኝ። አንተ ጠዋት መጥተህ ሞተሩን ስታዳምጥ፣ ስታስገባት፣ ቆመህ ስታየን፣ አብሮን የሚሄድ ሰው ያለ ይመስለኛል። በቃ ይኸው ነው። አሁን ሂድ። ልጄንም ይዘህ ሂድ፤ አልይዝህም። ይህን ግን አትንገራት።»

ጸጥበሉ መከለያውን መለሰ፣ አራቱን ቡሎን አጠበቀ፣ ዘይቱን ለወጠ፣ ኮፈኑን ዘጋ። የያዘውን አዲስ ቱቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ እጁን ታጠበና ሳይሰናበት ወጣ። ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሆነም ነበር። መምህሩ ወንበራቸውን ማጠፍ አቅቷቸው እኔ አጠፍኩላቸው።

ሐሙስ አልመጣም። አርብም አልመጣም። እኛ ደስ አለን። ባለጋራዡ እንኳ፣ ሰው ሲለቅበት የሚነጫነጨው፣ እንኳን ሄደ አለ። አርብ ከሰዓት በሱ ቦታ ላይ የጎማ ጠጋኙ ዕቃ ተደርድሮ ነበር። እኔ ለራሴ ምናልባት አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ነው፣ በመስኮት እያየ ነው፣ ሚስቱ ትከሻው ላይ ተኝታለች እያልኩ ስሠራ ዋልኩ። ቂሙንም ይዞት ቢሄድ አልፈርድበትም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ከአንድ ነጭ መኪና ሥር ሁለት ረጃጅም እግሮች ወጥተዋል። ጫማውን አውቀዋለሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ አልኩት። የማርሽ ሳጥን አወርዳለሁ አለኝ። ከሥር ጎትቼ አወጣሁት፤ ተናድጄ ነበር፤ ክንዱን ሳላሳምመው አልቀረሁም።

ጎማ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ሐሙስ ሙሉ ቀን ብቻውን ሲዞር ዋለ። መምህሩን ላለማየት፣ ዳግመኛ ያን ግቢ ላለመርገጥ ወስኖ ነበር። ሆኖም ከመሄዱ በፊት ለሚስቱ ደህና ናት ማለት አለበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ሊላት ነው፤ አንድ ጊዜ ዳገቱን ወጥታ ቢያያት ቃሉ ሙሉ ይሆናል። አርብ ጠዋት ስለዚህ ከፊት ወንበር ገብቶ አብሯቸው ሄደ። መኪናዋ ምንም አልነበራትም። ዳገቱን እንደ አዲስ ወጣች፤ ቱርቦው ሲገፋ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። የሚሰማ ሌላ ነገር ስለሌለ ሰዎቹን ሰማ።

«ዳገቱ ሲጀምር የመምህሩ እጅ መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል» አለኝ። «እማማ ደግሞ ከኋላ ማውራት ይጀምራሉ። ደክመዋል እኮ፣ መተንፈስ ራሱ ያደክማቸዋል። ግን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አላቋረጡም። ያ ቤት ተቀባ፣ ያ ዛፍ ተቆረጠ፣ የዚህ ሱቅ በር ተቀየረ እያሉ። ዝም እንዳይሉ ነው። ዝም ካሉ መምህሩ ይደነግጣሉ።»

እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መንገዱ ሰባት ሰዓት ነው፤ አሁኑኑ ቢነሳ እንኳ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ይህንኑ ነገርኩት፤ ሞተር ሳይክል ልለምንልህ፣ መናኸሪያ ላድርስህ አልኩት። መምህሩ አዋቂ ሰው ናቸው፣ ሾፌር ይፈልጉ፣ ጎረቤት ይለምኑ፣ ያንተ ሸክም አይደለም አልኩት። ደግሞም ሁለት ዓመት ሰርቀውሃል አልኩት። ሁሉንም ሰማኝ፣ ልክ ነህ አለኝ። ከመቀመጫው ግን አልተነሳም።

«ሚስትህስ?» አልኩት። «ምን አለች?»

«ትናንት ስመለስ ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። መኪናዋ ደህና ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ታዲያ ምን አልካት?»

በእጁ ያለውን መፍቻ በጨርቅ ጠረገ፤ ጠርጎ ቦታው ላይ አስቀመጠው።

«አይደለችም አልኳት» አለኝ።